ግማሽ ድምፅ ወደ ታች

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ «ጆሮ» ለምንልህ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ነው፤ ትምህርት ቤታችን ፎቅ ስለሌለው ተመስገን ነው። ያለህበትን ብርድ ያቅልልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ለአገርህ መሬት ያብቃህ።

እኛ እንዳለን አለን። አራቱ ክፍሎች ቆመዋል። የቫዮሊኑ ክፍል ጣሪያ ስለሚያፈስ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠናል። «ሳንባ» የምንለው የአኮርዲዮን አስተማሪያችን «ከግማሾቻችሁ ይልቅ ባልዲው ምት ይጠብቃል» ብሎ ልጆቹን ሲያስቃቸው ዋለ። ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ተማሪ አለን። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ፒያኖው ክፍል ይሰበሰቡና «ላ» የሚባለውን የመቃኛ ድምፅ እመታላቸዋለሁ። ከዚያ ላን በአፋቸው እያንጎራጎሩ፣ እንዳይጠፋባቸው ሰላምታ እንኳን ሳይለዋወጡ፣ በኮሪደሩ ወደየክፍላቸው ይሄዳሉ። ቫዮሊኑም ሌላውም ከአፋቸው ይቃኛል። አኮርዲዮኑ ብቻ አይቃኝም፤ አርጅቶ ድምፁ ስለሸሸ ሳንባ ለብቻው ያስጫውተዋል። አንተ እያለህ እንዲህ አልነበረም፤ ያኔ ሲመቱት ላን የሚሰጥ የብረት መቃኛ ሹካ ነበረን። ሹካው ከጠፋ በኋላ ያመጣሁት ዘዴ ነው። ፒያኖውንም በየዓመቱ እኔው እቃኘዋለሁ፤ ላውን ከራሱ ወስጄ ሌላውን ከሱ ጋር አስማማለሁ። ከእጅ አይሻል ዶማ አትበለኝ፣ ጆሮ የሚያሳምም ነገር የለውም።

ሹካውን ካነሳሁ አይቀር፣ እስቲ አስታውሰኝ። አንተ ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀርህ ነው የጠፋው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልጋ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ጠየቀኝ መሰለህ። «ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ሹካውን ስጪኝና ልስማበት» ይለኝ ነበር። ሹካውን አጥቼ ባዶ እጄን ስመጣበት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዕድሜውን በጆሮው የኖረ ሰው ጆሮው ከዳኝ ብሎ ሞተ። ሹካው የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ቁልፍ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጅ ስለነበር ያኔውኑ ተቀበልኩት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አልከሰስኩትም፣ እሱም አላኮረፈኝም። ጠዋት ብድግ ብሎ በር ይከፍትልኛል፤ እኔም ዓይኑን ሳላይ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ትምህርት ቤታችንን የሚያስተዳድረው ቢሮ አዲስ ኃላፊ ተሹሞበታል። መጣና ክፍሎቹን በእርምጃው ለካ። «ለከፍተኛው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ አላሳለፋችሁም። ዘንድሮም ካላሳለፋችሁ ቤቱ ለመጋዘን ይሰጣል» አለኝ። ልጆቹ እኮ መጫወት አያቅታቸውም። የሚጥላቸው የጆሮ ፈተናው ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ይመታል፣ እነሱ ስሙን ይጽፋሉ። ስንፍና ነው እያልኩ በየዓመቱ ተቆጥቻቸዋለሁ፤ ሁለቱን አስለቅሻለሁ።

ዘንድሮ ግን አንዲት ልጅ አለችኝ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ከማነሷ የተነሣ ድምቢጥ እንላታለን። በስድስት ዓመቷ መጣች፣ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ ከዚህ በኋላ ዕድሜዋ ለፈተናው አይፈቅድም። ጀርባዋን ሰጥታኝ የመታሁትን ሁሉ ትነግረኛለች። ማንኪያ ሲወድቅ «ሚ ነው» ትላለች። ቤታችንን ካተረፈች የምታተርፈው እሷ ናት።

አንተ ፒያኖ መጠገኛ ቤት አይደል የምትሠራው? ሁለት ወፍራም የፒያኖ ክር፣ ናስ የተጠመጠመበት፣ ላክልኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ እኮ ያንተ ክር።

አክስትህ

*

ኅዳር 5 ቀን

ለማከብርዎ፣ እንደ እናት ላሳደጉኝ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ባሉበት አቀርባለሁ። ጉልበትዎን ይማርልዎ፤ በረከትዎ ይድረሰኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራ ስለሚበዛብኝ ብቻ ነው ለመጻፍ የዘገየሁት። ፒያኖ ቤታችን ሰሞኑን ዕረፍት የለውም። ትናንት ብቻ አምስት ፒያኖ አለፈ በእጄ።

ክሩን አልረሳሁትም። ልኩን በደንብ ማወቅ ስላለብኝ ነው እንጂ እልካለሁ። ሹካውን በሚመለከት፣ አክስቴ፣ አሮጌ ቤት ነው፤ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዘበኛው ክፉ ሰው አይመስለኝም። እንዲያውም ቁልፉን ቢመልሱለት ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ባለቤትዎ፣ ስለ ጋሼ፣ የጻፉልኝን አነበብኩ። እንደዚያ ብሎ ማልቀሱን አላውቅም ነበር።

ስለ ልጅቷ ግን እባክዎ ጨምረው ይጻፉልኝ። ድምፁን ስትሰማ ስሙን የምትናገረው አንዱን ድምፅ ከሌላው አነጻጽራ ነው ወይስ ዝም ብሎ ይመጣላታል? ይህንን በደንብ ይንገሩኝ።

ልጅዎ

*

ታኅሣሥ 12 ቀን

ለጆሮ፣

እንደምነህልኝ? ደብዳቤህ ወር ፈጅቶ ደረሰኝ። ዕድሜ ይስጥህ፤ ብትዘገይም አልቀረህም። ክሩ ግን ቀርቷል። ልኩን አላውቅም ማለትህ አስቆኛል። ያን ፒያኖ ሆዱን ከፍተህ ስንት ጊዜ ተኝተህበታል! አሁን ፈረንጅ ፒያኖ ሲበዛብህ የኛን ረሳኸው?

ስለ ድምቢጥ ጠይቀኸኛል። ምንም አታነጻጽርም፤ ዝም ብሎ ይመጣላታል። እናቷ ቤት ፒያኖ የለ፣ ሌላ መሣሪያ የለ፤ ጆሮዋን የሠራው የኛ ፒያኖ ብቻ ነው። አንድ ነገር ላጫውትህና ሳቅ። እናቷ ልብስ ስትሰፋ ሬዲዮ ትከፍታለች። ልጅቷ «እማ፣ ሬዲዮው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ዘፈኑን ሁሉ ከፍ ያደርገዋል» እያለች አስቸገረቻት። እናትየው ምስኪን፣ ባትሪው ነው ብላ ባትሪ ቀየረች። አሁንም ከፍ ይላል አለች። ለጠጋኝ ሰጠችው። ጠጋኙም «ልጅሽን አስጠግኚ» ብሎ መለሰላት። እኔ ግን በኩራት ልፈነዳ ነው፤ ሬዲዮ የምታርም ልጅ ማን አለው?

ሳንባ ሳይቀር ማጨሱን ትቶ ከሷ ጋር ያጠናል። ከሰዓት በኋላ የሌሎቹ ክፍሎች በር ይዘጋል፣ ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ እሷ አንድ ባወቀች ቁጥር በሹክሹክታ ይቆጥራሉ። ትናንት መቶ ሃያ ደረሱ፤ አንድም አልሳተችም። ዘበኛው እንኳን ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ነበር፤ ሳየው ተመለሰ።

ፈተናው ሰኔ 14 ቀን ነው። ጸልይልን።

አክስትህ

*

ጥር 24 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ቤትዎ እንዲቆም ዘወትር እለምናለሁ። ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። ስለ ሬዲዮው ያጫወቱኝን አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት።

አንድ ልመና አለኝ። ከፈተናው በፊት ልጅቷ በሌላ ፒያኖ ትለማመድ። ሆቴልም ይሁን የሰው ቤት፣ ብቻ ሌላ ይሁን። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳይሆን በየቀኑ። እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ልጆች አንድ መሣሪያ ብቻ እንዲለምዱ አይፈቀድም። ለመጓጓዣዋ የሚሆን በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ። እባክዎ አክስቴ፣ ለምን ብለው አይጠይቁኝ፣ ብቻ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ

*

መጋቢት 1 ቀን

ለጆሮ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ቁጣዬ እንዳልገባ ብዬ ነው፤ እንጂ ተቆጥቻለሁ።

የኛ ፒያኖ ምን ጎደለው? ባለቤቴ በጋሪ አስጭኖ፣ ግድግዳ አፍርሶ ያስገባው፣ ኋላም ግድግዳውን በእጁ መልሶ የሠራበት ፒያኖ ነው። አንተም ጆሮ የተባልከው በሱ ነው። ለምን ብለው አይጠይቁኝ ትለኛለህ! እኔ ላንተ ለምን የማልለው ማን ሆነህ ነው? ቢሆንም አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ እልክ ይዤ እንዳልጎዳት ብዬ ያልከኝን አደረግሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሆቴል ፒያኖ አለ። አስተናጋጁን ለምኜ ጠዋት ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ወሰድኳት።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ነካችውና እጇን እንደተቃጠለ ሰው መለሰች። «ውሸታም ነው» አለችኝ። «ላን ስነካ ሌላ ነው የሚወጣው።» እኔም ነካሁት፤ እውነቷን ነው፣ ሁሉም ወደ ላይ ሸሽቷል። ሰካራም ቢራ ሲያፈስበት የኖረ ፒያኖ ምን ይጠበቃል! ሦስት ቀን ወሰድኳት። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተመልሳ ሦስት ድምፅ ሳተች፣ አለቀሰችም። ኮሪደር ላይ የሚቆጥሩት ልጆች መቁጠር አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ ቀርቷል። በሩን ሲዘጋ ሳንባ ምን አለ መሰለህ፤ «ጥሩ ጆሮ በመጥፎ ፒያኖ አይበላሽ።» ተስማምተናል።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ፤ አንተ ስለምታውቅ ንገረኝ። ፒያኖ ሲያረጅ ክሩ ይላላል ብሎ ነበር ባለቤቴ የሚያስተምረን። የላላ ክር ደግሞ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። የሆቴሉ ፒያኖ አርጅቶ እንዴት ከፍ አለ? መልሱን ቶሎ ጻፍልኝ። ክሩን ተወው፤ ክር አልፈልግም። መልስ ብቻ ጻፍልኝ።

አክስትህ

*

ግንቦት 8 ቀን

ለጆሮ፣

ደህና ነህ ወይ? ከጻፍኩልህ ሁለት ወር አለፈ። ታመህ ይሆን? ሰው ላይ እንዲህ አይጠፋም።

የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም። ሌሊቱንም ቀኑንም እሱን ሳስብ አልዋልኩም፤ ሥራ አለብኝ። ግን ሳልፈልግ ይመጣብኛል። ሳንባን ብጠይቀው «አኮርዲዮን ክር የለውም» ብሎ ቀለደብኝ። ቃኚ የሚባል ሰው በዚህ አካባቢ ካንተ በቀር አይቼ አላውቅም።

ኃላፊው ሌላ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር። ሰውየው የክፍሎቹን ከፍታ እያየ «ክፍሉ ወንበር ቢደረደርበት ስንት ድርብ ይችላል?» ይለዋል፤ ልጆቹ እየተጫወቱ ነው። ድምቢጥ ቀና ብላ እንኳን አላየቻቸውም። «አይዞዎት እትዬ፣ አልፋለሁ» አለችኝ ኋላ። እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት አይዞሽ መባል ያለባት?

እባክህ መልስልኝ።

አክስትህ

*

ሰኔ 3 ቀን

አክስቴ፣

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ሰላምታ ልጀምር ብዬ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝና በቀጥታ ልናገር።

የሆቴሉ ፒያኖ ትክክል ነው። የልብስ ሰፊዋ ሬዲዮም ትክክል ነው። ዝቅ ያለው የእኛ ነው። ግማሽ ድምፅ፣ ከአንድ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያህል። ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ልሄድ ወር ሲቀረኝ ክሮቹ መበጠስ ጀመሩ። በሁለት ሳምንት አምስት ተበጠሰ። መለዋወጫ አልነበረንም፤ ጋሼ ታሟል፣ እርስዎ ጭንቅላትዎ ዞሯል። ሁሉንም ክር እኩል ባላላው አይበጠስም ብዬ አሰብኩ። እውነትም አልተበጠሰም። ሄጄ በስድስት ወር ክር እልካለሁ፣ ያኔ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን ብዬ ነበር። ሹካው ካለ ግን ማንም ሰው አንድ ጊዜ መትቶ ያውቅብኛል። ስለዚህ ሹካውን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ዘበኛው እጁ የለበትም። ይኸው በዚህ ጥቅል ውስጥ አለ።

ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀደም ብዬ እናገር ነበር። ጋሼ ግን ሰምቶኛል። ግድግዳው ስስ እንደሆነ ያውቃሉ። ቃኝቼ ስጨርስ ከአልጋው ጠራኝና «ዝቅ አደረግከው አይደል?» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረኝ ሰው ነው። እኔም «ኧረ አይደለም ጋሼ፤ በሽታው ነው፣ ጆሮህ ደክሞ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «እንግዲህ አልቆልኛል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓይኑን አሁንም አያለሁ። እንዳለቀሰ እኔ የሰማሁት ዘንድሮ በእርስዎ ደብዳቤ ነው።

ስድስት ዓመት የወደቁትን ልጆች ልብ ይበሉ። እኔ ከሄድኩ በኋላ መጀመሪያ ያለፉት፣ ፒያኖውን ሳላወርደው ጆሯቸው የተሠራ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰነፎች አልነበሩም።

ሌላም ልንገርዎ፤ ከጀመርኩ ልጨርስ። ፒያኖ ቤት አልሠራም። መጀመሪያ አንድ ዓመት ሠርቼ አሰናበቱኝ። አሁን የቤት ዕቃ አመላላሽ ነኝ። ፒያኖ በእጄ ያልፋል ያልኩት ውሸት አይደለም፤ በጀርባዬ ተሸክሜ ደረጃ አወጣለሁ። ክር መላክ አቅቶኝ አልነበረም። ክር ከላክሁ፣ እርስዎ አዲሱን ክር ሲወጥሩት ፒያኖው ዝቅ ብሎ እንደኖረ ይታወቃል ብዬ ፈርቼ ነው።

ፈተናው ሰኔ 14 መሆኑን አውቃለሁ። ደብዳቤ ወር እንደሚፈጅም አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ቤት ሄጄ ነበር። ቅጹ ላይ «ፒያኖው ዝቅ ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ቃሉን ቆጠረችና «ሦስት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚጨምሩት አለ?» አለችኝ። አንድ ወረፋ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ትንሽ ላስብ ብዬ ቅጹን ይዤ ወጣሁ። አልተመለስኩም። ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ።

ይቅርታ ለመለመን አፍ የለኝም።

*

ሐምሌ 18 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤህ ሰኔ 30 ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ጨክኜ አይደለም። የማጓጉዘው ዕቃ ነበረኝ።

የሆነውን ልንገርህ፤ ማወቅ ይገባሃል። ሰኔ 14 እኔ፣ ልጅቷና እናቷ በጠዋት ፈተናው ቦታ ደረስን። እናቷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታላታለች፤ ቀና ብላ እንድትሄድ ሌሊቱን ተኩሳዋለች። ሌሎቹ ተማሪዎች እንዲመቻት ብለው ከዚህ እስከ መኪናው ድረስ ላን እያንጎራጎሩ ሸኟት። አየህ፣ በእጃችን ገደልናት።

ሠላሳ ድምፅ መቱላት። ሚን ሲመቱ ፋ ብላ ጻፈች። ሲን ሲመቱ ዶ። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር፤ «እትዬ፣ ቀላል ነበር፣ አንዱም አላስቸገረኝም» አለችኝ። ከሰዓት ስም ዝርዝር ተለጠፈ። እሷ የለችበትም። እናቷ ሦስት ጊዜ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ማንበብ አትችልም እኮ፣ የልጇን ስም ቅርጽ ብቻ ነው የምታውቀው።

ከፈታኞቹ አንዲት ሽበታም ሴት ወረቀቷን ይዛ ወጣችና «ይህችን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሠላሳውንም ስታለች። ሠላሳውንም በአንድ ልክ ነው የሳተችው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ፒያኖአችሁን ሰው አይቶት ያውቃል?»

እኔ ምን ብመልስላት ጥሩ ነው? «ፒያኖዬን አትንኪብኝ» አልኳት። «ባለቤቴ የቃኘው ነው፣ የወንድሜ ልጅ የቃኘው ነው፤ እሱ አሁን ውጭ አገር ፒያኖ ቤት ይሠራል።» ሴትዮዋ አዘነችልኝ። «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ አንድ ነገር አደርግ ነበር፤ አሁን ውጤቱ ታትሟል፣ ዕድሜዋም አልፏል» ብላ ገባች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለኛ ነው ለካ። ሬዲዮ ጠጋኙ፣ አስተናጋጁ፣ ሰካራሙ ሁሉ ትክክለኛውን ሲሰማ ኖሯል፤ የማንሰማው ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነን።

ጥቅልህ ሲመጣ ሹካውን ጠረጴዛ ላይ መታሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጅቷን አስጠርቼ ነገርኳት፤ ካንተ የምሻለው በዚህ ብቻ ነው። ሹካውን ጆሮዋ አጠገብ ያዝኩላት።

«ታዲያ ሬዲዮው ልክ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ፣ ልጄ።»

አላለቀሰችም። «እሺ» ብላ ወጣች። አሁን እናቷ ዘንድ የልብስ ቁልፍ ማስገቢያ ትዘመዝማለች። ሬዲዮው ሲከፈት ወደ ጓሮ ትወጣለች። የትኛውም ዘፈን ለሷ ልክ አይሆንም፤ ልክ የነበረው ደግሞ ልክ አልነበረም። እንደገና ትማር ይሆናል ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ሞክሬያለሁ። «እትዬ፣ አሁን ሁለት አለ፣ የትኛውን እንደማምን አላውቅም» አለችኝ።

ቤቱን ሐምሌ 10 አስረከብን። ሳንባ አኮርዲዮኑን አዝሎ ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። ፒያኖው ግን በበሩ አልወጣ አለ። አራት ተሸካሚ ሞክሮ ተወው። አንተ ብትኖር ታወጣው ነበር፤ ሥራህ ነው አሉ። እዚያው ነው ያለው፣ ወንበር በአራት ድርብ ተደርድሮበታል።

የወደቁትን ልጆች ቤት ለቤት እየሄድኩ ነው። ሰነፍ አልነበራችሁም ማለት አለብኝ። እስካሁን ሦስቱን አግኝቻለሁ። አንደኛው በር ላይ ቆሞ ሰማኝና «አሁን ምን ላድርገው?» አለኝ። ባለቤቴ ዘንድም ሄጄ ነግሬዋለሁ። «ጆሮህ አልከዳህም፣ የከዳህ ሌላ ነው» አልኩት። መቃብር አይሰማም፣ አውቃለሁ። ግን አንተ ያልከውን ይዞ እንዲቀር አልፈለግሁም።

አልረግምህም። ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው አንተን ብቻ ነው፤ እጄ ላይ ነው ያደግከው። ግን ክርም አትላክ፣ ሌላም አትላክ፣ አንተም አትምጣ። ይህን ስጽፍ ልቤ እየተላጠ ነው፤ ቢሆንም ጽፌዋለሁ።

የመጨረሻዋን ቀን ዘበኛውን ጠራሁት። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። አሥራ አንድ ዓመት በስህተት እንደጠረጠርኩት ነገርኩት፤ ሹካው የት እንደነበረም ነገርኩት። ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው።

«እትዬ፣ አሁን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ምኑን ልጠብቅ?»

መልስ ሳይጠብቅ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ በሩ ሄደ። ሲሄድ ሳያስበው ያንጎራጉር ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ከልጆቹ አፍ የሰማውን ላ። ሹካውን አውጥቼ መታሁትና አዳመጥኩ። የሱ ላ ልክ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር።

አክስትህ